ውሃውን ለማፍሰስ የማይቸኩሉት አዋላጅ

እኛ የማዋለጃ ክፍሉ ነርሶች አዋላጃችንን ከጀርባቸው «ቆይ ቆይ» እንላቸዋለን። ቀኗ ላለፈ ነፍሰ ጡር ምጥ እንዲመጣላት የእንሽርት ውሃው ይፍሰስ ሲባል ሁሉም ይጣደፋል። እሳቸው ግን የውሃውን ከረጢት የሚበሱባትን መንጠቆ ከነላስቲኳ ኪሳቸው ይከቱና መጀመሪያ ሆዷን በሁለት እጃቸው ይዳብሳሉ።

አምና አንድ አዲስ ሐኪም፣ «እትዬ፣ ስንት ሰው ወረፋ እየጠበቀ! ያፍስሱት እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው።

«ቆይ ልጄ፣ ጭንቅላቱ ገና አልወረደም። አሁን ካፈሰስነው እትብቱ ቀድሞ ይወጣና ሕፃኑ ይታፈናል። የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም።»

ሐኪሙ ተቆጣ፤ እኔም በልቤ «ምን ዓይነት ግትር ሴትዮ ናቸው!» አልኩ። እሳቸው ወንበር ስበው፣ የእናትየዋን እጅ ይዘው ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ጭንቅላቱ ሲወርድ ነው መንጠቆዋን ያወጡት። ውሃው ከፈሰሰም በኋላ የልጁን የልብ ምት ሰምተው እስኪረኩ ድረስ እትብቱ እንዳይቀድም የሚዳስሱበትን ጣታቸውን አላወጡም። ልጁ እየጮኸ ተወለደ።

ባለፈው ሳምንት የዚያው ሐኪም ሚስት ቀኗ አልፎ ክፍላችን ገባች። የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ጓንቱን አጥልቆ ውሃውን ሊያፈስ ሲቀርብ ባልየው መሃል ገባ።

«ቆይ ቆይ!» አለ፤ «እትዬ ይምጡልኝ።»