ከመቶ ሰባ ሰባት ተኩል

ሴትየዋ በኖራ ፋብሪካው ላቦራቶሪ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ሠራተኞቹ «ሚዛኗ» ይሏታል። ያሳደጋትና ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ደግሞ የፋብሪካው ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ኃላፊ ነው። ሰሞኑን ታዲያ ትእዛዝ መጣ፦ ካባው ከሚያወጣው ውስጥ ንጹሑ የኖራ ድንጋይ ከመቶ ሰማንያ ካልሞላ ካባው ይዘጋል፤ ወንድምየውም አስራ አምስቱም ሰዎቹ ይሰናበታሉ።

ሥራው ቀላል ነው፤ በእንቅልፍ ልቧም ትሠራዋለች። አንድ ግራም የተፈጨ ድንጋይ በሸክላ ስኒ ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ሲግል ጋዙ በኖ ይሄዳል። ከመቶ እጅ ንጹሕ ድንጋይ አርባ አራቱ እጅ ጋዝ ነው። እንግዲህ ከመቶ የጎደለውን ለአርባ አራት አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው፤ አለቀ።

ሰኞ ዕለት ግን ጉድ ፈላ። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «ስንት ወጣ? ስንት ወጣ?» እያለ ሲያጣድፋት፣ ስኒው ሳይቀዘቅዝ መዘነችው። የጎደለው ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ሚሊ ግራም፤ ልክ ሰማንያ! ሰውዬው ሮጦ ለሰዎቹ አበሰረ። ኧረ ምኑን! ትኩስ ስኒ የሞቀው አየር ወደ ላይ ስለሚገፋው ቀሎ እንደሚታይ ጀማሪ እንኳ ያውቃል። ሲቀዘቅዝ ደግማ መዘነችው፤ ሦስት መቶ አርባ አንድ። ሰባ ሰባት ተኩል። በማግስቱ ሌላ ናሙና አቃጠለች፤ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» አለችው፤ ቁጥሩንም ነገረችው።

«የሰኞውን ጻፊዋ! ማን አየሽ?»

«እኔ አየሁ።»

«ሰው አደረግኩሽ እኮ!»

«አዎ፣ አድርገውኛል።»

ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ማዘኑ ግን ከየት ይምጣ? በረዶ ሲጨብጥ እንደዋለ እጅ መላ ሰውነቷ ደንዝዟል። ሰባ ሰባት ተኩል ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ስኒውን አጠበች።

«እንግዲያው ለሰዎቹ አንቺው ንገሪያቸው» አላት።

ካባው ድረስ ተከትላው ሄደች። ቁጥሩን ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አንዱ ፈላጭ መዶሻውን ወረወረና «ለሁለት ተኩል ብለሽ ነው ጉሮሯችንን የምትዘጊው? አንጀት የለሽም?» ብሎ ጮኸባት። 

ወንድሟ መሀል ገባ። «ተዋት። ሰኞ ያጣደፍኳት እኔ ነኝ። እህቴ ቁጥሩ ይህ ነው ካለች፣ ይህ ነው» አለ።

እስካሁን እንባ ያልነካት ሴት እዚያው ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።