ከአመድ ውስጥ የወጣው ቁርኣን

ባለፈው ሳምንት የልጄን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ስተኩስ ስልክ ተደወለና ካውያውን እጅጌው ላይ ረሳሁት። ስመለስ ጨርቁ ጠቁሮ፣ ክፍሉ በተቃጠለ ጥጥ ሽታ ታፍኖ ነበር። መስኮት መክፈት ሲገባኝ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ልጄ «እማ፣ ለሸሚዝ ነው እንዴ የምታለቅሺው?» አለኝ። ለእሱ «ጭሱ ነው» አልኩት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አባቴ ደብረ ታቦር ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች የቀረነው ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ አባቴ፣ ባሕር ዳር የሚማረው ታላቅ ወንድሜና እኔ። ሱቁ ውስጥ ከስፌት መኪናው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ አያቴ ከሐጅ ይዘውት የተመለሱት ቁርኣን በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። አባቴ ሥራ ሳይጀምሩ ሁልጊዜ ጥቂት ያነቡበታል። እኔ እንድነካው አይፈቀድልኝም ነበር።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አባቴ ንባባቸውን ጨርሰው የካውያውን ከሰል ሊያቀጣጥሉ ወደ ጓሮ ሲወጡ፣ ቁርኣኑን አውርጄ ከሻርፔ ሥር ደበቅሁት። ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ ቁርኣን አለን ስላቸው የመድረሳ ጓደኞቼ አላመኑኝም፤ ላሳያቸው ብዬ ነበር። አባቴ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄዱ ቦታው እመልሰዋለሁ አልኩ።

የዚያን ቀን አባቴ የሠርግ ልብስ ሊያደርሱ ሲጣደፉ ሰዓቱ ረፈደባቸው። የጋለውን ካውያ ጨርቅ ከተከመረበት ጠረጴዛ ላይ ትተው ወደ ሶላት ሮጡ። እኔ ከመድረሳ ስመለስ የሱቃችን ጣሪያ ወድቆ ነበር። ሰው በባልዲ ውሃ ይደፋል፣ የረጠበው አመድ ይንሾካሾካል፣ ሰማዩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጥርት ያለ ነበር። አባቴ የጎረቤታችን የበርበሬ ሻጯ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ ያያሉ።

«በእጄ» ይላሉ። «የሰው አደራ በገዛ እጄ። ለሶላት እየሮጥኩ! አላህን ምን ብበድለው ነው እንዲህ የተቆጣኝ?»

ቁርኣኑ ደረቴ ላይ ነበር። ሰዎቹ ወደ ፊት ለፊት ዞር ሲሉ በኋላ በኩል ገባሁና፣ መደርደሪያው በነበረበት ግድግዳ ሥር፣ ከወደቀው ቆርቆሮ በታች፣ ውሃ ያቀዘቀዘው አመድ ላይ አስቀመጥኩት። ተአምር ልሠራ ብዬ አልነበረም። መጽሐፉ ቦታው ከተመለሰ ጥፋቴም የሚጠፋ መስሎኝ ነው።

ብዙም አልቆየ፤ በርበሬ ሻጯ ቆርቆሮውን ሲያነሱ ጮኹ። «ኧረ ኑ! ኧረ ኑና እዩ!» ክርስቲያን ነበሩና አማተቡ። አባቴ እየተደናቀፉ ገቡ፣ ጨርቁን ፈቱ፣ ገጾቹን ገላለጡ። አንድም የተቃጠለ የለም። ሳሙት፣ ግንባራቸው ላይ አደረጉት፣ ከዚያ አመዱ ላይ በግንባራቸው ተደፉ።

«አልተቆጣኝም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ አልተቆጣኝም።»

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ከሐሙሲት ከተማ ሳይቀር በሚኒባስ ተሳፍረው የሚመጡ ነበሩ፤ በስልክ ያነሱታል፣ ያለቅሳሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተባብሮ ሱቁን አቆመልን። የመድረሳችን ሸኽ ብቻ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠርዙን ካገላበጡ በኋላ፣ «የዚህ ተአምርነቱ ቃሉ ነው። ወረቀትማ ይቃጠላል፤ ስንት ሲቃጠል አይተናል። ያላየነውን ባናወራ ጥሩ ነው» አሉ። የሰማቸው አልነበረም።

ወንድሜ ወሬውን ሰምቶ መጣ። የሚማረው ሥነ ሕይወት ነበር፤ እሱና አባቴ ከዚያ በፊትም፣ ሰው በስልክ እየተቀባበለ በሚያየው፣ «ሳይንስ ሁሉ ቁርኣን ውስጥ አለ» በሚል ስብከት ምክንያት ተከራክረዋል። ያን ከሰዓት አረንጓዴውን ጨርቅ አንስቶ አፍንጫው ላይ አስጠጋው።

«አባዬ፣ ይህ ጨርቅ ጭስ አይሸትም።»

«ታዲያስ! ተአምር ማለት እሱ አይደል?» አሉት። «አንተ ደግሞ ተማርኩ ትላለህ። ስለ ጽንስ አፈጣጠር ሳይንስ ትናንት የደረሰበትን ቁርኣን አስቀድሞ ተናግሮ የለም?»

«ሳይንሱ ከተገኘ በኋላ ነው እኮ ቁርኣን ውስጥ አለ የሚባለው። ከዚያ በፊት ስንት ሊቅ ሲያነበው ኖሮ አንዱ እንኳ ለምን አልነገረንም? ቁርኣኑን አልናቅሁም፣ አባዬ። ሰው የሚልለትን ነው የምጠይቀው።»

«ይህስ? ይህ ከእሳት እንዴት ወጣ?»

«እሳት ውስጥ አልነበረም። ሰው ነው ያስቀመጠው።»

አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ጠዋት ሱቁን አብረን ከፍተናል። ወደ መድረሳ ስትወጪ ቁርኣኑ መደርደሪያው ላይ ነበር ወይስ አልነበረም? ተናገሪ።»

ሁለቱም ያዩኛል። ደጅ በርበሬ ሲወቀጥ ይሰማኛል።

«ነበር» አልኩ።

ወንድሜ ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ። አልተቆጣም፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚከተለኝ። አባቴ፣ «በአላህ ቃል የሚያሾፍ ልጅ የለኝም» አሉት። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ለዒድ አልመጣም። በቀጣዩም አልመጣም። ከተማው ውስጥ «ተምሮ ከዳ» ተባለ። እሱ ባሕር ዳር ተከራይቶ በሚኖርበት ሰፈር ከመስጊድ ቀርቶ እንደማያውቅ የነገረኝ ሰው የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው።

አባቴ በየማለዳው ማንበባቸውን አላቋረጡም። ድምፃቸው እንኳ አምሮ ነበር። እኔ ግን በሚያነቡት በእያንዳንዱ አያ መጨረሻ የራሴን «ነበር» እሰማ ነበር። ሶላት ላይ ስቆም ይሰማኛል፣ ሠርጌ ቀን ሲመርቁኝ ተሰምቶኛል። ዛሬም ቤቱ ጭር ሲል ይሰማኛል።

የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ለወንድሜ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ያን ቀን ዓይንሽን አይቼ አውቄያለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ልጅ ነበርሽ።»

«አሁን ለአባዬ ልንገራቸው?»

«ተዪያቸው» አለ። «ያን ተአምር ከወሰድሽባቸው የሚቀራቸው ያቃጠሉት ሱቅ ብቻ ነው።»

ደግሜ አልጠየቅሁትም። እውነቱን ልናገር፣ ተዪ ስላለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አምና አባቴ በሁለት ቀን ሕመም አረፉ። ወንድሜ ለጀናዛው ደረሰ፤ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ የእሳቱን ታሪክ እንደገና አነሱት። አንዱ ወደ እሱ ዘንበል ብለው፣ «አሁንስ አመንክ ልጄ?» አሉት። ወንድሜ መሬት መሬት እያየ፣ «አባታችን ያምኑ ነበር» ብሎ ብቻ መለሰ። እኔ ሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎረስኩ።

በሦስተኛው ቀን እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚሸተው የአፈር ሽታ ነበር፤ መኪናው እስኪሞላ ቆመን ጠበቅን። ይቅር በለኝ ለማለት ስዘጋጅ ቀደመኝ።

«አባዬ ስሜን ጠርተው ያውቃሉ?»

«ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር እንዳስገባላቸው ሲፈልጉ» አልኩት፣ «ሁልጊዜ በአንተ ስም ነበር የሚጠሩኝ። አንድ ቀን እንኳ አላረምኳቸውም።»

ይህ እውነት ነበር። ወንድሜ ግን ፊቴን ትኩር ብሎ አየው፣ ያኔ «ነበር» ባልኩ ጊዜ እንዳየኝ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና መኪናው ውስጥ ገባ። አምኖኝ ይሁን፣ ላጽናናው የዋሸሁ መስሎት አዝኖልኝ፣ አላወቅሁም።