ጋቢናው ተይዟል

አባቴ ጂብሪል ሠላሳ ዓመት ከአዳማ አቦምሳ ሚኒባስ ነድቷል። መንገዱን እንደ ፋቲሓ በቃሉ ያውቀው ነበር። ዘንድሮ ግን ከመኝታ ቤቱ ተነስቶ ሽንት ቤቱን ማግኘት አቃተው። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ሲለኝ ለማንም አልተነፈስኩም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ስኳሩ ነው የሚያደክመው» እላለሁ። አባቴን እብድ ሊሉት? ምላሳቸው ይቆረጥ!

የሰው እጅ እንዳላይ ብዬ፣ ያለበትን ቦታ ስልኬ ላይ የሚያሳይ ሰዓት ገዛሁለት። መለዋወጫ ሱቄ ውስጥ ፍሬን ሸራ እየሸጥኩ በየመሃሉ ስልኬን አያለሁ። ቀይዋ ነጥብ ቤት ናት፣ መስጊድ ናት፣ ተመልሳ ቤት ናት።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ነጥቧ መስጊድ ቆየች። ከጓደኞቹ ጋር ወሬ ይዞ ነው አልኩ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል። ነጥቧ ንቅንቅ አላለችም። ሱቁን እንኳ ሳልዘጋ ሮጥኩ። መስጊዱ ባዶ ነበር፤ ሰዓቱ ውዱእ የሚደረግበት ቧንቧ ላይ ተቀምጧል። እጁን ሊታጠብ አውልቆት ረስቶታል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ እንደሚያደርግ እኔ ልጁ እንዴት ሳላስብ ቀረሁ?

ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት አስፋልት ደግሞ ቅርብ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እዚያው ቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን ለጠፍኩ፤ ከሥሩም እያለቀስኩ በድምፅ ተናገርኩ። «አባቴ ይረሳል። ስሙንም ላይነግራችሁ ይችላል። ያየው ሰው በአላህ ይደውልልኝ።»

ጎረቤቴ በላይነሽ ወዲያው ደወለች። «አንቺ ደረቅ! እኛ እኮ ካወቅን ወራት አልፈዋል። ሁለቴ ከአስፋልት ዳር የመለስኳቸው እኔ ነኝ፤ እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በሷ ይሁን በራሴ አላውቅም።

የባጃጅ ሹፌሮች መልእክቱን ተቀባበሉት። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ገርባ ደወለ።

«ሱሃይላ፣ አባትሽ እኔ ጋ ናቸው። ተራ የምትጠብቅ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው መሪውን ይዘዋል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አትፍሪ። ግን ቶሎ ነይ፣ አልወርድም ብለዋል።»

ስደርስ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ላቡ ይንጠባጠባል። በሩን ከፍቼ «አባ!» ብዬ ከጎኑ ልቀመጥ ስል ክንዱን ዘረጋና ከለከለኝ።

«ከኋላ ቦታ አለልሽ፣ እህቴ። ጋቢናው ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚህ ነው የምትመጣው። እሷ ሳትመጣ መኪናዋን አላንቀሳቅስም።»

ገርባ ፊቱን አዞረ። እኔም ከኋላ ገባሁ፤ ከወንበሩ ጀርባ ተቀምጬ ልጁን አብሬው መጠበቅ ጀመርኩ።