አንድ ክንድ አንቴና

የአምቡላንስ ሾፌር ሳለሁ ጥሩ ፍሬንና መጥፎ ኩራት ነበረኝ። ፍሬኑን መካኒክ ያይልኛል፤ ኩራቴን ግን የሚያይልኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው በደብረ ታቦር ጎዳና ከማንም መኪና የረዘመ አንቴና ተክዬ የዞርኩበትን አንድ ወር ሳስታውስ ነው። ዛሬ እስቅበታለሁ።

ከጉና ተራራ ጀርባ አንድ ጤና ጣቢያ አለ። እዚያ ስልክ ደስ ሲለው ይሠራል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን ሁለት የመገናኛ ሬዲዮ አገኘ፤ አንዱ ለጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ፣ አንዱ ለእኔ መኪና። ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ ሲስተር በሬዲዮ ትጠራኛለች፣ እኔም ካለሁበት እከንፋለሁ፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። የእሷ ሬዲዮ ከነምሰሶው መጣ። የመኪናውን አንቴና ግን እናንተው መርጣችሁ ግዙ ተባልን።

ለዚህም ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ የንብረት ክፍል ኃላፊውና እኔ ነበርን። እኔ የገባሁት በባለሙያነት ነው፤ ሙያዬም መኪናው ውስጥ መቀመጤ ነበር። ኃላፊው ጡረታ የተቃረቡ፣ የመንግሥትን ንብረት እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። አንድ እስክሪብቶ ለመቀበል እንኳ ያለቀውን ይዞ መቅረብ ግድ ነበር።

ገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግኑና የሚሸጡ አንድ ሐጂ ሱቅ ገባን። ሐጂ መጀመሪያ የጠየቁን ሬዲዮአችን በስንት ሞገድ እንደሚሠራ ነበር። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ቀጥለው አንቴና የሚሻለው ጣራው መሃል ተበስቶ ሲተከል መሆኑን ሲያስረዱ የንብረት ኃላፊው ፊታቸው ተለወጠ።

«ቀዳዳውን በየትኛው ቅጽ ነው ገቢ የማደርገው?» አሉ።

እኔ በዚያ መሃል ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር። ከእኔ ቁመት የበለጠ፣ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚወዛወዝ አንቴና ተሰቅሏል። እንዲህ ያለውን ያየሁት የትልልቅ ሰዎች መኪና ላይ ብቻ ነው። የሚታሰረውም ከፊት ፓራውልቱ፣ ከመከላከያ ብረቱ ላይ ነውና መብሳት የለም፤ ኃላፊውም ወዲያው ተስማሙ። ሐጂ ይኼ ለእናንተ ሬዲዮ የሚሆን አይመስለኝም፣ ሬዲዮውን ነገ አምጡና ልየው ብለውን ነበር። እኔ ግን ለሌላ ከበርቴ ደንበኛ ያስቀመጡት መስሎኝ የባሰ ጓጓሁ።

ሲስተር ሬዲዮዋን ልትወስድ የመጣች ቀን መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሞከርነው። በሠላሳ እርምጃ ርቀት ጥርት ብላ ተሰማችኝ። ሬዲዮው ባይኖርም በዚያ ርቀት ትሰማኝ እንደነበር ለማናችንም ትዝ አላለን። ኮሚቴው ተጨባብጦ ሥራውን ጨረሰ። ሲስተር ብቻ አንቴናውን ሽቅብ እያየች ምነው ሸንበቆ ተከልክ አለችኝ፤ ቅናት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብናገር ማንም አያምነኝም። ሐሙሲት ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም እጄን ወደ ግንባሬ አንስቼ መለስኩለት። ጥር ላይ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መኪናውን አቁሜ ስመለስ ሠርገኞች የእነሱ መስሏቸው አንቴናውን ከታች እስከ ላይ ሪባን አልብሰውት አገኘሁ። ለሁለት ቀን አልፈታሁትም። ሬዲዮው ደግሞ ከጉና ማዶ ጭጭ አለ። ወሩን ሙሉ አንድም ጥሪ ሳይመጣ ሲቀር በአካባቢው የእናቶች ጤና እጅግ የተሻሻለ መሰለኝ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከሌላ ቀበሌ ስመለስ ከጉና በታች፣ መንገዱ ዳር አቁሜ ምሳዬን እበላ ነበር። ከኩርባው ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ብቅ አሉ። እናቲቱ መንገድ ላይ ጥድ ሥር ወልዳለች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እሷ ግን ብዙ ደም ፈሷት ከንፈሯ ነጥቷል። እንጀራዬን ጥዬ በሩን ከፈትኩ። ከጤና ጣቢያዋ ተነስተው ከጠዋት ጀምረው ሲሄዱ ነበር። ሲስተርም ገና ሲነጋ ጀምራ እንደጠራችኝ ነገሩኝ፤ እሷ ሌላ ምጥ ላይ ያለች ስለነበረቻት አብራቸው መውረድ አልቻለችም። እኔ በዚያ ሰዓት ከተራራው ወዲህ፣ ጥሪው ሊደርሰኝ በሚገባ ርቀት ነበርኩ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ፣ እናቲቱን ካስገባን በኋላ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ አንቴናውን ከሥሩ እስከ ጫፉ አዩት። የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

«ይኸ ሁሉ ርዝመት ምን ሊሰማ ነው?» አሉኝ።

በሩን ዘግቼ ሞተሩን አስነሳሁ። እናቲቱ ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ያህል አፍሬ አላውቅም። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ አንቴናው ከፊቴ ሲወዛወዝ ማየት አስጠላኝ።

በማግስቱ ሬዲዮውን ፈትቼ ሐጂ ሱቅ ይዤ ሄድኩ። ነግሬህ አልነበር ወይ ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ፤ አላሉም። ጀርባው ላይ የተጻፈውን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ ቀጥለው እጃቸውን ዘረጉና ከክርናቸው እስከ መሃል ጣታቸው ጫፍ አሳዩኝ።

«ልጄ፣ የዚህ ሬዲዮ ልኩ አንድ ክንድ ነው» አሉ። «ያ ለሌላ ዓይነት ሬዲዮ ነው፤ አንተን ያደነቁርሃል እንጂ አይጠቅምህም።»

ያቺን አንድ ክንድ አንቴና ሰጡኝ። ከሥሯ ማግኔት አላት፤ ጣራው መሃል ልጥፍ ትላለች፣ መብሳት አያስፈልግም። የንብረት ኃላፊው ቀዳዳ እንደሌለ ሲሰሙ እፎይ አሉ፤ ነገር ግን ማግኔቱ ቀለሙን ይጭረው ይሆን ብለው ሲብሰለሰሉ አደሩ። ጠዋት መጥተው ከአሮጌ ጋቢ የተቆረጠ ጨርቅ አራት እጥፍ አድርገው ከሥሯ አነጠፉላት። እኔም የቀድሞ ትዕቢቴ ስላሳፈረኝ አልከለከልኳቸውም።

የጉናን መንገድ እንደጀመርኩ አንድ ሰው የኋላውን በር ደጋግሞ አንኳኳ። ቆሜ ወርጄ ከፈትኩለት፤ ማንም የለም። ተነሳሁ፤ እንደገና አንኳኳ። ሁለተኛ ስወርድ አንቴናዋ ከነጋቢዋ ከጣራው ወድቃ በገመዷ ተንጠልጥላ በሩን ስትደበድብ አየኋት። ይዣት ወደ መሥሪያ ቤት ተመለስኩ።

ለኃላፊው ማግኔቱ ብረቱን ራሱን ካልነካ እንደማይይዝ ነገርኳቸው። ከዚያም ስለ ቃሬዛው፣ ስለ እናቲቱ ከንፈር ነገርኳቸው፤ እስከዚያን ቀን አልሰሙም ነበር። ጨርቁን ከእጄ ወስደው አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱትና ቀለሙ ቢጫር በስማቸው እንደሚፈርሙ ነገሩኝ። ያለ ቅጽ የሰጡት ቃል እሱ ብቻ ይመስለኛል።

አንቴናዋ ባዶ ብረት ላይ በተቀመጠች በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ያ ቃሬዛ ያገኘኝ ቦታ ስደርስ ሬዲዮው ፍሽሽ አለና የሲስተር ድምፅ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ተሰማ።

«ሾፌር፣ ሾፌር። ዛሬም እንደማትሰማኝ አውቃለሁ» አለች። «አንተና ያ ሸንበቆህ። ለትራፊክ እጅ እየነሳህ መዞር ነው አሉ ያማረህ፤ ይኸ ጆሮህ ለጌጥ ነው የተሰጠህ። እንዲያው ምን ብዬ ልርገምህ? ስንቱን ተናግሬ ጨረስኩ።»

እጄን ወደ ማይኩ ሰድጄ መለስኩት። ልመልስላት ብል ስድቧን እንደሰማሁ ታውቃለች፤ ዝም ብል ደግሞ ምን ልትል እንደሆነ አላውቅም። ለካ በየቀኑ እንዲህ ስታናግረኝ ኖራለች። እሷ ግን ቀጠለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ለመዝገቡ ያህል ልንገርህ፤ ምጥ የያዛት አለች፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ሕፃኑ ተጣሞባታል። ቃሬዛ ተሸካሚ ላስጠራ ነው።»

የማይኩን ቁልፍ ተጫንኩ።

«ሲስተር፣ ቃሬዛውን አታስነሺ። መጣሁ» አልኳት።

ምንም አልመለሰችም። አንቴናዋ ተሰብራ ይሆን ብዬ ጣራው ላይ ልወጣ ስል ድምፅዋ መጣ፤ የተሽኮረመመች ልጅ መሰለች።

«ከየት ጀምሮ ነው የሰማኸኝ?»

«ከመዝገቡ ጀምሮ» ብዬ ዋሸኋት።

ልትመልስልኝ ቁልፉን ተጭና ኖሮ ከጉና ማዶ እፎይ ብላ ስትተነፍስ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ማርሽ አስገብቼ ዳገቱን ተያያዝኩት።