ሣሩን የያዘው እጅ

የዚያን ዓመት ኅዳር አዳማ ላይ ነፋሱ ቀድሞ ነው የመጣው። አቧራው ጥርስ መሃል ይንቀጫቀጫል። በሁሩታ በኩል ግን ስንዴው ደርሶ መንገዱ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸት ነበር። አቤት ያ ሽታ! ቶሌራ በዚያ ወቅት የአይሱዙውን መስኮት አይዘጋም፤ አቧራውን ችሎ ሽታውን ይስባል። ሃያ ሁለት ዓመት እህል ሲያመላልስ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ሾፌሮቹ፣ "ቶሌ እኮ አህያ ሲያይ ቆሞ እጅ ይነሳል" እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። ከመሪው ሌላ ሙያ አያውቅም፤ አልተመኘምም።

በዚያው ኅዳር አንድ ቀን ከሁሩታ ስንዴ ጭኖ ሲመለስ ወገቡን ያዘው። ታናሽ ወንድሙ ጋሮምሳ አብሮት ነበር። መንዳት ይችላል፤ መንጃ ፈቃድ ግን የለውም። "እስከ ዋናው አስፋልት ብቻ" ብሎ መሪውን ሰጠው። ኩርባው ላይ አማረች የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ መንገድ ስታቋርጥ ደረሱባት። ፍሬኑ ጮኸ። አልሞተችም፣ ተመስገን፤ ግራ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ተሰበረ።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ቶሌራ ወንድሙን ወደ ኋላው ገፋ አድርጎ፣

"እኔ ነኝ የነዳሁት" አለ። ፈረመም።

የጋሮምሳ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት። ያለ ፈቃድ ነድቶ ሰው ገጨ ከተባለ አይተርፍም፤ እኔን ግን ንጹሕ ስሜን አይተው ያዝኑልኛል ብሎ አሰበ።

ከዚያ ሽምግልና ተጀመረ። በዚያ አገር ደም የፈሰሰበት ነገር በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። የሁለቱም ወገን ዘመዶች ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ተቀመጡ። ሽማግሌው ኦቦ ኑሬ ከወንዝ ዳር እርጥብ ሣር አስነጭተው፣

"የነዳው እጅ ይህን ይዞ ይቅርታ ይጠይቅ" አሉ።

ቶሌራ ተነሥቶ ሣሩን ተቀበለ። ኦቦ ኑሬ ትክ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ በዚህ ሣር የዋሸ ቤቱ አይለመልምም። አንተ ነህ?"

ለፖሊስ የተፈታው ምላስ እዚህ ታሰረ። ሣሩን ለጋሮምሳ አቀበለው። ጋሮምሳ እያለቀሰ ከአማረች ፊት ወደቀ። እሷም፣ "ተነሥ በቃ፣ እግዜር ይቅር ይበልህ" አለችው።

ቶሌራ ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር እዚያው ይቀራል ብሎ አመነ። ሽማግሌዎቹ ጽፈው የሰጡትን የእርቅ ወረቀት ቅጣት ያቀልልኛል ብሎ፣ ሳያስነብብ አጥፎ፣ በቀጠሮው ቀን በገዛ እጁ ፍርድ ቤት አስገባ።

ዳኛዋ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። አዳራሹ ውስጥ የአማረች ክራንች ወለሉን ሲነካ ብቻ ይሰማል።

"እዚህ ላይ ሣር ይዞ ይቅርታ የጠየቀው ጋሮምሳ ነው ይላል። ለፖሊስ የፈረምከው ደግሞ አንተ ነህ። ማን ነው የነዳው?"

ቶሌራ ዞሮ አየ። ጋሮምሳ አንገቱን ደፍቷል፤ ሚስቱ ሆዷን ይዛለች። "ሽማግሌዎቹ ተሳስተው ነው" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደረሰ። እንዲያ ቢል ወንድሙ ይተርፋል፤ ኦቦ ኑሬ ግን በሽበታቸው ዋሾ ይባላሉ።

"ጋሮምሳ ነው። እኔ ዋሽቻለሁ።"

ጋሮምሳ ስለታረቀና ጥፋቱን ስላመነ ቅጣቱ በገደብ ሆኖለት ወደ ቤቱ ሄደ። ቶሌራ በሐሰተኛ ቃሉ አንድ ዓመት ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱንም ተነጠቀ።

አማረች ደጅ ላይ ጮኸች። "ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የሰበረኝ ቤቱ ይገባል፣ ያልነካኝ ይታሰራል?"

"እግርሽን ወጌሻ ይጠግነዋል" አሉ ኦቦ ኑሬ። "የታጠፈ ቃልን ግን ማን ያቃናዋል?"

"እሱ ራሱ አቃናው እንጂ! አልሰሙትም እንዴ?"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው መንገድ ጀመሩ።

ቶሌራ እስር ቤት ሊጠይቀው ለመጣው ወንድሙ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ነገሩ አነሣለት። "እስሩ ይገባኛል፣ አልከፋኝም። መሪውን ግን ባይነጥቁኝ" አለው።

በስምንተኛው ወር በአመክሮ ተፈታ። አዳማ አልተመለሰም። ባለፈው መስከረም ከሁሩታ የሄዱ ሾፌሮች አርሲ ነገሌ እህል ተራ ውስጥ አይተውታል፤ ሚዛን ላይ ቆሞ የሰው ስንዴ ይመዝናል።