ከአንሶላው ጀርባ የሰጠሁት ምስክርነት

በወላይታ ሶዶ ስለ ፊልም የመጨረሻው ቃል የእኔ ነበር። ባለፈው እሑድ ልጄ ጋዜጣ ዘርግታ፣ «አባባ፣ ይህን ፊልም ያየው ጸሐፊ አድንቆት ሊሞት ነው። ይታመናል?» ስትለኝ ይህንኑ በኩራት ነገርኳት።

«ስንት ፊልም አይተህ ነው?» አለችኝ።

አንድ። እሱንም ከአንሶላው ጀርባ።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ፊልም የጫነች መኪና ሶዶ መጣችና ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል፣ ነጭ አንሶላ ተወጠረ። ከዳሞታ ተራራ ጉንዳኑ ሳይቀር ወርዶ ስለነበር ከፊት ቦታ አጥቼ ከጀርባ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ አክስቴ አማረች ወሬውን ሰምታ ከነባሏ ከተበላ ከተማ በእግር መጣች። መኪናዋ ያንኑ ፊልም በዚያ ምሽት ደግማ አሳይታ ትሄዳለች። ባሏ አቶ ዳና ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ኃጢአት ይኑርበት አይኑርበት ሳይጣራ አይሆንም አሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ፊልሙን ያየሁትን እኔን በፊታቸው አቆሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ተናገር።»

«ፈረሰኛ ነው። ግራኝ ነው። ሌባ ያባርራል።»

«መጠጥ አለበት?»

«የለበትም።»

«ሴትስ?»

«አንዲት አለች። ታለቅሳለች።»

«አሜን» አሉ ሽማግሌዎቹ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

የፊተኛውን ረድፍ የሞላው በእኔ ምስክርነት የመጣ ሰው ነበር። ፊልሙ መሃል ላይ ፈረሰኛው ከፈረሱ ወርዶ የምታለቅሰዋን ሴት ሳማት። አሳሳሙ፣ አክስቴ እንደምትለው፣ ቦዬ የሚባለውን ሥር ጥሬውን ጥደው ቢጀምሩት የሚያበስል ነው። አንዱ ሽማግሌ በጉሮሮው መዝሙር ጀመረ፤ ከቦታው የተነሣ ግን የለም።

ጠዋት አቶ ዳና አስጠሩኝ። «ዋሽተሃል» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«ግራኝ ነው አላልክም? ሰውየው ሽጉጡን የሚይዘው በቀኝ እጁ ነው።»

ከአንሶላው ጀርባ ቀኙ ግራ ሆኖ እንደሚታይ እኔም አላወቅኩም ነበር። ስለ መሳሙ ግን ትንፍሽ አላሉም። አክስቴ ትኩስ ቦዬ ከሚያቃጥል የዳጣ ማባያ ጋር አቀረበችልኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሌላ ፊልም ሲመጣም አንተው መስክር» አለችኝ።

ልጄ ስቃ ስትጨርስ፣ «ለአክስትህ ብለህ ነው መሳሙን የደበቅከው?» አለችኝ። አዎ ብላት ደስ ባለኝ። ግን የደበቅኩት ነገር የለም። ጋዜጣውን እመኚ፣ ጸሐፊው ነቅቶ እንደነበር ብቻ አጣሪ አልኳት። እኔ ያን የመጀመሪያ ምሽት ፈረሰኛው ከፈረሱ ሳይወርድ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። እስከ ዛሬም መብራት ከጠፋ እተኛለሁ፤ አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው አይቼ አላውቅም።