የባሰው ጊታር

ቀየት በምትባል መንደር ከጋሽ ወልደየስ አናጢ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ምንም እንዳልነካ ተነገረኝ። መሮው የእሳቸው፣ መላጊያው የእሳቸው፣ ሞርሳውም የእሳቸው ነበር። የእኔ ድርሻ መጥረጊያው ነው።

«ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«አይቼ እሠራለሁ።»

«እንግዲያው እይ። መሥራቱን ጊዜው ሲደርስ እነግርሃለሁ።»

ማየቴ ሰነበተ። ቤቱ ማዕረግ ነበረው፤ መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ የመጋዝ ጫፍ ያዥ፣ ከዚያ ላጊ፣ በመጨረሻ መሮ የሚጨብጥ። መሮ የጨበጠ ባለሙያ ይባላል።

ጋሽ ወልደየስ ሙያውን ጣሊያን እንዳስተማራቸው ለደንበኛ ሁሉ ይናገራሉ። በር ሲጣመም «ጣሊያኑም እንዲህ ነበር የሚሠራው» ይላሉ። የወንበር እግር ካጠረም ጣሊያኑ ያሳጥረው ነበር። አንድ ቀን ባለቤታቸው በደጅ ሲያልፉ ሰሙና «ውኃ ሲቀዱለት ነው ሙያውን ያዩት?» ብለው አለፉ። ጋሽ ወልደየስ መጋዙን መሞረድ ጀመሩ።

ላጊ ሆኜ ሳለሁ ልጅ ደጀኔ ከአዲስ አበባ በሞተር ቢስክሌት መጣ። የአገሩ ባላባት የግራዝማች ልጅ ነው። ለትምህርት ቢልኩት ባንድ ገብቷል። አያቱ ለጦር ያጎፈሩትን ጠጉር እሱ ለጊታር አጎፍሮታል። የእኅቱ ሠርግ በጥር ነበር፤ ጓደኞቹ ሊጫወቱ ይመጣሉ፤ ባሱን የሚመታው ልጅ ግን መሣሪያውን ይዞ ኮብልሏል።

«ጋሼ፣ ባስ ጊታር ይሠሩልኛል?»

«የባሰ ጊታር? ጊታሩስ መች ተሻለና የባሰው!»

«ባስ ነው፣ ጋሼ። ድምፁ ወፍራም የሆነ። በኤሌክትሪክ ነው የሚጮኸው።»

«የባሰ አታምጣ!» ብለው አማተቡ። ነገር ግን የግራዝማችን ልጅ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። «ጣሊያኑ ብዙ ሠርቷል» አሉ።

ሞተሩ ርቆ ሳይጨርስ ወደ እኔ ዞሩ። «የምትሠራው አንተ ነህ። ለሠርጉ ከጮኸ መሮ ትጨብጣለህ። ካልጮኸ አንተው እየጮህህ አባትህ ዘንድ ትገባለህ።»

አባቴ አንድ በሬ ጎድሎት ነበር። ብመለስ የት እንደምጠመድ አውቃለሁ።

የነበረን ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል ብቻ ነው። ደጀኔ ቆሞ እጁን ዘረጋና የጊታሩን ቁመት ከእንብርቱ እስከ መዳፉ አሳየኝ፤ በገመድ ለካሁት። ገላውን ከደረቀ ጽድ፣ አንገቱን ከወይራ ጠረብሁ። ወይራ ቶሎ አይጎብጥም። አንገቱ ከገላው የሚገባበትን ቦታ ወረቀት እንዳያስገባ አድርጌ ፈለፈልሁት። ለዚያ ብቻ ጋሽ ወልደየስ መሮውን አበደሩኝ፤ ቆመው እየጠበቁ።

የክሩን ንዝረት ለራዲዮ የሚያቀብለውን ድምፅ ማንሻ የሠራሁት ከሞተ ራዲዮ ነው። የድምፅ ማውጫውን ማግኔት አወጣሁ፤ ከቀንድ በቀረጽሁት ማጠንጠኛ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠቀለልሁ። ጫፎቹ ከግራዝማች የባትሪ ራዲዮ ጀርባ፣ ለሸክላ ማጫወቻ ከተተወው ቀዳዳ ይገባሉ።

የቀረው ክር ነበር። ደጀኔ ከተማ ውስጥ አላገኘም።

«ይኼ ምን ያስቸግራል?» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «ወፍራም ድምፅ ከበገና በላይ ማን አለው? ጅማት ነው።»

ሁላችንም ተስማማን፤ እኔም ጭምር። የጓሳ በግ አንጀት ተፈተለ፣ ደረቀ፣ አራቱም ተወጠረ። በጣቴ ስነካው የጽዱ ገላ አጉረመረመ። ሊሰሙ የመጡ መሪጌታ «ምስጋና ይገባዋል» አሉ። ጋሽ ወልደየስ ለምስጋናው ጎንበስ አሉ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ሐሙስ ዕለት ራዲዮው መጣ፤ ሰውም ተከትሎት መጣ። ሽቦውን ሰካሁ። ደጀኔ ክሩን መታው። ራዲዮው ዝም። ደገመው። ዝም።

«ጾም ላይ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከበር።

«ለካ የባሰው ዝምታ ኖሯል!» አለ ሌላው።

ጋሽ ወልደየስ ወደ እኔ አላዩም። ወደ መጥረጊያው አዩ።

ብሎኑ ላልቶ እንደሆነ ብዬ ካቻቪቴ አነሣሁ። የካቻቪቴው ጫፍ ወደ ማግኔቱ ሲቀርብ ራዲዮው «ጓ!» አለ። የበሩ ሰው ወደ ኋላ ተገፋፋ። አራቅሁት፣ አቀረብሁት። «ጓ!» ማግኔት ብረት እንጂ በግ አያውቅም።

«ወፍራም የብረት ክር ያስፈልጋል» አልሁ።

«ከየት?» አለ ደጀኔ።

ሞተሩን አየሁ። እሱም አየው። ያን ሞተር ከእኅቱ ሠርግ ይልቅ ይሳሳለት ነበር።

«ፍታው» አለ ፊቱን አዙሮ።

የፍሬኑን፣ የፍሪሲዮኑንና የነዳጁን ሽቦ አወጣሁ። ውፍረታቸው ይለያያል፤ ለባስ የተሠሩ ይመስሉ ነበር። ጫፋቸው ላይ ያለው የእርሳስ ጉብታ ከታች ያዘልኝ። ከላይ በብሎን አጠበቅኋቸው፤ የበገና መቃኛ አይችላቸውም። አራተኛው ክር ጅማት ሆኖ ቀረ፤ ለሥዕሉ ሲባል።

እሑድ ዳሱ ውስጥ ደጀኔ የፍሬኑን ሽቦ ሲመታው የሙሽራዋ በቅሎ ማሰሪያዋን በጥሳ ሄደች።

«ይኼ የሚያጓራው ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ልጅዎ ነው፣ ጌታዬ» አለ አንድ አሳላፊ።

ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። «ከእኔ ቤት አዝማሪ! ማነው ይኼን የሠራለት?»

«ይኼ ልጅ ነው» አሉ ጋሽ ወልደየስ እኔን ወደ ፊት እየገፉ። «ብለው አልሰማም አለኝ።»

ባንዱ ግን አላቋረጠም። መጀመሪያ ሚዜዎቹ ተነሡ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ። ጥቂት ቆይቶ የግራዝማች ትከሻ ከፊታቸው ፈቃድ ሳይጠይቅ ተንቀጠቀጠ።

«ወይ ጉድ! ማን ነው ያላችሁኝ የሠራው?» አሉ እንደገና።

ጋሽ ወልደየስ ከፊቴ ቆሙ። «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ጣሊያኑ ያስተማረኝ ነው።»

ሞተሩን ማክሰኞ ዕለት ሁለት በቅሎዎች ጎትተው ወደ መኪናው መንገድ ወሰዱት። ደጀኔ ባሱን በጀርባው አዝሎ መሪውን ይዞ ይከተላል። ቁልቁለቱ ላይ «ፍሬኑሳ?» ብለው ሲጠይቁት «ጀርባዬ ላይ ነው» አለ።

ጋሽ ወልደየስ መሮ ሰጡኝ። እጀታው የተሰበረውን ነው። እጀታ ጠረብሁለትና ያን ዕለት በር ጀመርሁ።

አሁን ሥራ ለሚጀምር የምለው ይህን ነው። ኮላ ከማፍሰስህ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ሞክር። ሁሉም ሰው ሲስማማ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሞክር።